«ፕሊዝ» ብቻውን ትሕትና አይሆንም፦ እንግሊዝኛን ከሰው ጋር ለመግባባት

ጥያቄው፦ «ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። አሁን ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የላይን ሱፐርቫይዘር ረዳት ሆኜ በየቀኑ እመላለሳለሁ። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ግራመር ብዙ አይቸግረኝም፣ አንብቤም እረዳለሁ። ከውጭ አገር ኀላፊዎች ጋር ሳወራ ግን ወይ ቃል ይጠፋኛል፣ ወይ ያልኩት በሌላ ይተረጎምብኛል። አንዷ ኀላፊ ሪፖርት ስጠይቃት "ለምን ታዢኛለሽ?" ብላኛለች፤ እኔ እኮ "ፕሊዝ" ብያለሁ። ስልኬ ላይ የ3000 ቃላት ዝርዝር አውርጃለሁ። እሱን ልሸምድደው? ወይስ ለንግግር የሚሆኑ ሌሎች ቃላት አሉ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ዝርዝሩን ለጊዜው ተዪው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ተምረሻል። በዕለት ተዕለት ንግግር ከሚሰሙት አሥር ቃላት ዘጠኙን ያህል የሚሸፍኑት በጣም የተለመዱት 2000 ያህል ቃላት ናቸው፤ አብዛኞቹን በዓይን ታውቂያቸዋለሽ። «ማይንድ»፣ «ሚን»፣ «ካች»፣ «አፍሬይድ» አዲስ አይሆኑብሽም። ያልተማርሻቸው እነዚሁ ቃላት ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር የሚይዙትን ቅርጽ ነው። ኀላፊዋ የተቀየመችውም ቃል ስላነሰሽ አይደለም፤ አክብሮትሽ መንገድ ላይ ስለቀረ ነው።

እንዴት እንደቀረ ልንገርሽ። አማርኛ አክብሮትን የሚያስቀምጠው ግሱ ውስጥ ነው። «ስጪኝ» እና «ይስጡኝ» በአንድ ቃል ርዝመት ውስጥ ሙሉ ልዩነት ይናገራሉ። እንግሊዝኛ ይህ የለውም፤ አንቺም፣ አንተም፣ እርስዎም፣ እናንተም ሁሉም «ዩ» ናቸው። በልብሽ «ይስጡኝ» ብለሽ «ጊቭ ሚ ዘ ሪፖርት» ስትይ የሚደርሳት «ስጪኝ» ነው። «ፕሊዝ» ስትጨምሪበት ደግሞ «ስጪኝ እባክሽ» ይሆናል፤ ትእዛዝነቱ አልተነካም። እንግሊዝኛ አክብሮቱን የሚያኖረው በዓረፍተ ነገሩ መግቢያ ላይ ነው፤ ትእዛዙን ወደ ጥያቄ ይለውጠዋል። «ኩድ አይ ሃቭ ዘ ሪፖርት፣ ፕሊዝ?» ብትያት ኖሮ ያ ቅያሜ አይመጣም ነበር።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጎረቤትሽን «እስቲ ወንፊቱን» ስትይ፣ ወይም «ውሃ አትሰጪኝም?» ስትይ፣ አማርኛም በጥያቄና በትንሽ ቃል ትእዛዝን ያለዝባል። ከሁሉ የሚጠቅምሽ ግን «ነበር» ነው። ቢሮ ገብተሽ «ፈቃድ ፈልጌ ነበር» ስትይ የምትፈልጊው አሁን ነው፤ «ነበር» ያለችው ሰውየውን ላለመጫን ነው። «ኩድ» የ«ካን»፣ «ዉድ» የ«ዊል» ያለፈ ጊዜ ቅርጽ መሆናቸውን ትምህርት ቤት ተምረሻል። በልመና ጊዜ የሚሠሩት ሥራ የኛን «ነበር» ነው፦ ነገሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ለሰውየው ቦታ መስጠት። ይህን ከያዝሽ እነዚህን ቅርጾች መሸምደድ አያስፈልግሽም፤ ራስሽ ትሠሪያቸዋለሽ።

የምትጠይቂው ነገር በከበደ ቁጥር መግቢያው ይረዝማል። ለቀላል ነገር፣ መቀስ ለመቀበል ወይም በር ለማስከፈት፣ «ካን ዩ…?» ወይም «ኩድ ዩ…?» ይበቃል፦ «ኩድ ዩ ፓስ ሚ ዘ ሲዘርስ?» ሰውየውን ከሥራው የሚያቋርጥ ከሆነ መጀመሪያ በሩን አንኳኪ፦ «ሶሪ ቱ ቦዘር ዩ። ዱ ዩ ሃቭ ኤ ሚኒት?» ብለሽ ቆም በይ፣ መልሱን ስሚ፣ ከዚያ ጥያቄሽን አምጪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቆም የምትባለዋ ላይ ነው፤ በሩን አንኳኩቶ ሳይከፈትለት ይገባል። ከበድ ላለ ነገር፣ ለምሳሌ ከመውጫ ሰዓት ቀድሞ ለመሄድ ወይም ፈረቃ ለመቀየር፣ «አይ ወዝ ወንደሪንግ ኢፍ አይ ኩድ ሊቭ አት ፎር ቱዴይ» በይ። ሲተረጎም «ዛሬ በ10 ሰዓት መውጣት እችል እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነበር» ነው። ምክንያቱን ከጥያቄው በኋላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨምሪ። እኛ ምክንያቱን አስቀድመን፣ የእናትን ሕመም ከሥሩ ተርከን፣ ጥያቄውን መጨረሻ ላይ እናመጣለን፤ እንግሊዝኛ የለመደ ጆሮ በዚያ መሃል «ምን ፈልጋ ነው?» እያለ ይጨነቃል።

«ዉድ ዩ ማይንድ» ለብቻው ይታይ፤ ጥሩ መግቢያ ቢሆንም ወጥመድ አለው። «ማይንድ» እዚህ «ቅር መሰኘት» ነው። «ዉድ ዩ ማይንድ ቼኪንግ ዚስ?» ማለት «ይህን ብታዪልኝ ቅር ይልሻል?» ነው። ስለዚህ ፈቃደኛዋ የምትመልሰው «ኖ፣ ኖት አት ኦል» ነው፤ ቅር አይለኝም ማለቷ ነው። አንቺ ተጠይቀሽ «የስ» ካልሽ «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ብለሻል። ግራ ከገባሽ «ሹር፣ ኖ ፕሮብሌም» በይ፤ በሁለቱም በኩል አትሳሳቺም። ደግሞ ከ«ማይንድ» በኋላ ግሱ «ኢንግ» ይዞ ይመጣል፦ «ቼኪንግ» እንጂ «ቱ ቼክ» አይደለም።

አነጋገሩም ቃሉን ያህል ይመዝናል። «ኩድ ዩ» በወጉ ሲነገር «ኩጁ» ይመስላል፣ «ዉድ ዩ» ደግሞ «ዉጁ»። እያንዳንዱን ቃል እኩል ረግጠሽ «ኩድ! ዩ! ፓስ!» ካልሽ ጥያቄው ተመልሶ ትእዛዝ ይሆናል። ክብደቱን ዋናው ቃል ላይ፣ እዚህ «ሲዘርስ» ላይ፣ ጣይውና መጨረሻውን በትንሹ ከፍ አድርጊው። «ዚስ» እና «ታንክ ዩ» ላይ ያለው ድምፅ በፊደላችን የለም፤ የምላስሽን ጫፍ በጥርሶችሽ መካከል አድርገሽ አየር አሳልፊ። «እስቶፕ»፣ «እስፖርት» እያልን ከፊት የምንጨምራት «እ» ግን መግባባትን እምብዛም አታደናቅፍም፤ እሷ ላይ ጊዜ አትፍጂ።

ትምህርት ቤት የተማርሻቸው ሆነው ሰው የሚያስቀይሙ ጥቂት ቃላት አሉ። ቀዳሚው «ሃድ ቤተር» ነው። «ምክር መስጫ» ተብሎ ይማሩታል፤ በንግግር ግን «ዩድ ቤተር ፊኒሽ ዚስ» ሲባል «ባትጨርሺ ወዮልሽ» የሚል ቃና አለው። ለበላይሽ ፈጽሞ አትበዪው፤ ለሠራተኞችሽ እንኳ «ዩ ኒድ ቱ ፊኒሽ ዚስ ባይ ኢለቨን» ይሻላል። ስለ ራስሽ ስትናገሪ ግን ምንም ነቀፋ የለውም፦ «አይድ ቤተር ጌት ጎይንግ» የኛን «በሉ እንግዲህ ልሂድ» የሚተካ መልካም የስንብት ቃል ነው። «ኦፍ ኮርስ» ሌላው ነው። በአማርኛ «እንዴታ!» ደስ የሚል መልስ ነው፣ ልብን ያሞቃል። ነገር ግን አንዱ መረጃ ፈልጎ «ኢዝ ዘ ማሽን ወርኪንግ?» ሲልሽ «ኦፍ ኮርስ» ካልሽው «ይህ ይጠየቃል?» ብለሽዋል። እርዳታ ወይም ፈቃድ ሲለምኑሽ «ኦፍ ኮርስ»፣ መረጃ ሲጠይቁሽ «የስ፣ ኢት ኢዝ» በይ። ያልሰማሽውን ለማስደገም ባዶውን «ዋት?» ማለት «ምን?» ብሎ መጮህ ነው፤ «ሶሪ?» በድምፅሽ ከፍ ብላ ትበቃለች። «ዋይ?» ደግሞ የመርማሪ ቃል ይሆናል፤ «ካን አይ አስክ ዋይ?» በይው። ስህተት ስታገኚ «ዩ አር ሮንግ» ሳይሆን «አይ ቲንክ ዜር ሜይ ቢ ኤ ሚስቴክ ሂር» ብለሽ ስህተቱን ከሰውየው ላይ አንሥተሽ ወረቀቱ ላይ አድርጊው። መጥፎ ዜና ስታመጪ «አይም አፍሬይድ» ይቅደም፤ ፍርሃት የለበትም፣ «እንግዲህ አዝናለሁ» እንደማለት ነው፦ «አይም አፍሬይድ ዊ አር ሾርት ኦፍ ትሬድ» ብትያት ክር ማነሱን ትሰማለች፣ ጥፋቱ ማን ላይ እንደሆነ ግን አትፈልግም።

አንቺ ረዳት ስለሆንሽ ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ታመላልሻለሽ። ስለዚህ የመናገር ግሶች የእጅሽ መሣሪያ ናቸው፤ ስህተቱም የሚበዛው እዚያው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ነገረችኝ»፣ «አለችኝ»፣ «አስረዳችኝ»፣ «መለሰችልኝ» ስንል ተቀባዩን ግሱ ጭራ ላይ እንሰካዋለን፤ ለሁሉም መንገዱ ተቀራራቢ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ ግስ የተለየ በር አለው። «ቴል» ሰውየውን ወዲያው ይፈልጋል፦ «ሺ ቶልድ ሚ»። «ሴይ» ሰውየውን ያለ «ቱ» አያስገባም፤ ስለዚህ «ሺ ሴድ ሚ» የለም፣ «ሺ ሴድ ዛት…» በይና ቀጥዪ። «ኤክስፕሌይን ሚ» እጅግ የተለመደ ስህተት ነው፤ ትክክሉ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው። «ሰጀስት»ም እንደሱ ነው። «አንሰር» ግን ሰውየውን በቀጥታ ይወስዳል፦ «አንሰር ሚ»። «ዲስከስ» ላይ «አባውት» አይጨመርም፤ እኛ «ስለ ታርጌቱ ተወያየን» ስለምንል ነው የሚያስጨምረን። «ዊ ዲስከስድ ዘ ታርጌት» ሙሉ ነው። «ቶክ» ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፦ «አይ ቶክድ ቱ ኸር አባውት ዘ ታርጌት»። «አርጊው» ስትይ ተጠንቀቂ፤ በተለመደ ንግግር ክርክር ሳይሆን ጭቅጭቅ ነው። «ዊ ሃድ አን አርጊውመንት» ካልሽ ተጣልታችኋል።

ሌላም አለ፤ «አስታወሰ» የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ይሠራል። ራሴ ሳስታውስ «ሪመምበር»፣ ሌላውን ሳስታውስ «ሪማይንድ» ነው። «ነገ አስታውሺኝ» ለማለት «ሪመምበር ሚ» ካልሽ «ስሞት እንዳትረሺኝ» ይመስላል፤ «ኩድ ዩ ሪማይንድ ሚ ቱሞሮው?» በይ። «ቦሮው» እና «ሌንድ» ግን ለኛ ቀላል ናቸው፤ አማርኛም «ተዋሰ» እና «አዋሰ» ብሎ ይለያቸዋልና።

አሁን ወደ ማኅበራዊው ኑሮ እንምጣ። የወሎ ሰው ሲበዛ ሰው ወዳድ ነው። ብዙ ጊዜ አደናጋሪው የኛን ደግነት ቃል በቃል እንግሊዝኛ ስናለብሰው ነው። እንግዳሽን «ተጫወት» ለማለት «ፕሌይ» ብትዪው ኳስ ይፈልጋል፤ ሐሳቡ «ሜክ ዩርሰልፍ አት ሆም» ነው። ጨዋታው ራሱ «ቻት» ወይም «ኮንቨርሴሽን» ነው፣ «ጌም» አይደለም። ጓደኛሽን «ጠፋሽ!» ስትዪ «ዩ አር ሎስት» ካልሽ መንገድ ጠፍቷት ይመስላታል፤ «ሎንግ ታይም ኖ ሲ» ወይም «አይ ሃቨንት ሲን ዩ ፎር ኤ ዋይል» ይሁን። «ወዴት ነሽ?» መንገድ ላይ ለኛ ሰላምታ ነው፣ ለእነሱ ግን ጥያቄ ነው፤ «ሃይ፣ ሃው ኢዝ ኢት ጎይንግ?» ይተካዋል። በዚህም ላይ የደሴን ሰላምታ ርዝመት አትጠብቂ። ጤናው፣ ቤቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ ተራ በተራ አይጠየቅም፤ አንዴ ይጠየቃል፣ «ጉድ፣ ታንክስ። አንድ ዩ?» ተብሎ ይመለሳል፣ ያልቃል። ማጠሩ ንፍገት እንዳይመስልሽ። «ናይስ ቱ ሚት ዩ» ደግሞ ለመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ «ናይስ ቱ ሲ ዩ» ነው።

«ወፍረሻል፣ ተመችቶሻል» ለኛ ምርቃት ነው። «ዩ ቢኬም ፋት» ግን ስድብ ነው፣ ያለ ማስተካከያ ስድብ። «ዩ ሉክ ዌል» በይና እለፊው። ዕድሜ፣ ደመወዝ፣ «አግብተሻል?»፣ «ለምን አልወለድሽም?» የሚሉትን ሰውየው ራሱ ካላነሣቸው አትጠይቂ። ለመጀመሪያ ወሬ የሚመቹት አየሩ፣ መንገዱ፣ ምግቡ ናቸው፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ ቀዝቅዛ ኮምቦልቻ ወርደሽ ሙቀት ሲቀበልሽ የሚወራ አታጪም።

«ጋበዘ» ብዙ ሰው ያሳሳተ ቃል ነው። በአማርኛ «ልጋብዝሽ» ካልኩሽ ሒሳቡን እኔ ከፋይ ነኝ። እንግሊዝኛው «ኢንቫይት» ግን በዋናነት መጥራት ነው፤ መክፈልን የግድ አይናገርም። ለመክፈል ከፈለግሽ «ኢትስ ኦን ሚ» ወይም «ማይ ትሪት» በይ። በተቃራኒው አለቃሽ ምሳ «ኢንቫይት» ካደረገሽ የራስሽን ሒሳብ ለመክፈል ተዘጋጅተሽ ሂጂ። «ቀጠሮ» ደግሞ ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ ከሐኪም ወይም ከቢሮ ጋር «አፖይንትመንት»፣ ከሥራ ሰዎች ጋር «ሚቲንግ»፣ ከጓደኛ ጋር ግን «አይም ሚቲንግ ኤ ፍሬንድ» ነው። «ዴት» የፍቅር ነው፤ በስህተት እንዳታወጪው። «ፕሮግራም አለኝ» ስንል የምናመጣው «ፕሮግራም» ለእነሱ የኮምፒውተር ወይም የቴሌቪዥን ነው፤ «አይ ሃቭ ፕላንስ» በይ። ግብዣ ስትመልሺም በዚሁ ነው የሚኬደው፦ «አይድ ላቭ ቱ፣ በት አይ ሃቭ ፕላንስ ቱናይት። ሜይቢ አናዘር ታይም?» ይሉኝታ ይዞሽ «እሺ» ብለሽ መቅረት ግን ከእምቢታው በላይ ያስቀይማል፤ «እሺ» ለኛ «ሰምቻለሁ» ሊሆን ይችላል፣ «ኦኬ» ለእነሱ ቃል ኪዳን ነው።

«ኢንሻአላህ» እና «እግዚአብሔር ካለ»ም እዚህ ይነሣሉ። ማንም እምነትሽን እንድትተዪ አይጠይቅሽም፣ አትተዪም። ሰሚው ግን «ምናልባት» ብሎ ሊሰማው ስለሚችል ሰዓቱን ጨምሪበት፦ «የስ፣ ባይ ኢለቨን፣ ኢንሻአላህ» ስትዪ ሁለቱም ሞልቷል። በመሐላ ላይ ግን ቁጥብ ሁኚ። «ወላሂ» እና «ማርያምን» ለኛ የንግግር ማጣፈጫ ናቸው፤ «አይ ስዌር» በየዓረፍተ ነገሩ ከገባ ሰውየው «ለምን ትምላለች? የምትደብቀው አለ?» ብሎ ይጠረጥራል። «ሪሊ» ወይም «ኦነስትሊ» ለዘብ ይላሉ።

«አይዞሽ» እና «አብሽሪ» በእንግሊዝኛ አንድ አቻ የላቸውም፤ እንደ ሁኔታው ይከፋፈላሉ። ሰው ሲደናቀፍ «አር ዩ ኦኬ?»፣ ሲታመም «ጌት ዌል ሱን»፣ ሥራ ሲከብደው «ዩ ካን ዱ ኢት»፣ ሲጨነቅ «ዶንት ዎሪ»፣ ሰው ሲሞትበት «አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ»። የመጨረሻውን አንዴ ብቻ በይ፣ ከዚያ ዝም በይ። «ይቅርታ»ም በሦስት ይከፈላል፤ ከጥፋት በፊት፣ ማለትም ልታልፊ ወይም ልታቋርጪ ስትይ «ኤክስኪዩዝ ሚ»፣ ከጥፋት በኋላ «ሶሪ»፣ አልሰማሽም እንደሆነ «ሶሪ?» ወይም «ፓርደን?»። እግር ረግጠሽ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ካልሽ «ዞር በል» ማለትሽ ሊመስል ይችላል።

ስም አጠራር ላይ ደግሞ «ሚስተር» የሚሄደው ከቤተሰብ ስም ጋር ነው። ጆን ስሚዝ «ሚስተር ስሚዝ» እንጂ «ሚስተር ጆን» አይደለም። ቻይናውያን የቤተሰብ ስማቸውን አስቀድመው ይጠራሉ፣ ስለዚህ ዋንግ ሊ ከተባለ ብዙ ጊዜ «ሚስተር ዋንግ» ነው። የኛ ግን የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለምና «ሚስ ሰይድ» ብለው ቢጠሩሽ «ፕሊዝ ኮል ሚ» ብለሽ የራስሽን ስም ንገሪያቸው። «እህቴ»፣ «ወንድሜ» ግን ወደ እንግሊዝኛ አይሻገሩም፤ የማያውቁትን ሰው «ሲስተር» ማለት ያስደነግጣል።

ሦስት ነገሮች የፋብሪካ ሥራ ላይ ጉዳት ያደርሳሉና ጠለቅ ብለሽ ያዣቸው። አንደኛው የአሉታ ጥያቄ ነው። «ዲድንት ዩ ፊኒሽ?» ብለው ሲጠይቁሽ በአማርኛ «አዎ፣ አልጨረስኩም» እንላለን፤ «አዎ»ው ከጠያቂው ጋር መስማማት ነው። እንግሊዝኛ የሚመልሰው ለእውነታው ነው፦ ካልጨረስሽ «ኖ፣ አይ ዲድንት»፣ ከጨረስሽ «የስ፣ አይ ዲድ»። ባዶ «የስ» ብለሽ ከሄድሽ ጭነቱ ዝግጁ ነው ብለው መኪና ሊጠሩ ይችላሉ። ሁልጊዜ ከ«የስ» ወይም ከ«ኖ» በኋላ ሁለት ቃል ጨምሪ። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ከኛ ሰዓት ተነሥተሽ 6 ሰዓት ወደ ፊት ቁጠሪ፦ 3 ሰዓት ጠዋት «ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው፣ 10 ሰዓት ከሰዓት «ፎር ኢን ዚ አፍተርኑን»። «ቱሞሮው አት ቱ» ብለሽ በልብሽ ጠዋት 2 ሰዓትን ካሰብሽ እነሱ ከሰዓት ይመጣሉ፤ «ሞርኒንግ» ወይም «አፍተርኑን» የሚለውን መቼም አትዝለዪ። ሦስተኛው አዎን የምንልባት አየር ወደ ውስጥ የመሳብ ድምፅ ናት። ውጭ አገር ሰው ሲሰማት የደነገጥሽ ወይም ትንፋሽ ያጠረሽ ይመስለዋል፤ እሷን በ«አሃ» ወይም በ«ራይት» ተኪያት።

ሳይገባሽ ራስ አትነቅንቂ። «ሶሪ፣ አይ ዲድንት ካች ዛት» ብለሽ አስደግሚ፣ ከዚያ በራስሽ ቃል መልሰሽ ንገሪያት፦ «ሶ ዩ ዎንት ፎርቲ ፒስስ ባይ ኢለቨን፣ ራይት?» ብዛትና ሰዓት ያለበትን ትእዛዝ ሁሉ እንዲህ አረጋግጪ። በተለይ 13 እና 30፣ 14 እና 40 በድምፅ ስለሚቀራረቡ «ፎር ዚሮ?» ብለሽ በቁጥር በቁጥር ጠይቂ። መልሱን ካላወቅሽ «ሌት ሚ ቼክ አንድ ጌት ባክ ቱ ዩ» በይ፣ ተመለሺላትም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ውስጥ የምታገኚያቸው የውጭ አገር ሰዎች ብዙዎቹ እንግሊዝኛን እንዳንቺው በትምህርት ያገኙት ናቸው። ስለዚህ ከፊልም የተለቀሙ ፈሊጦችን አታሳድጂ፤ እነሱም ላይገባቸው ይችላል። ከላይ ያሉት ቀጥተኛ መግቢያዎች ሕንዳዊውም ቻይናዊውም እንግሊዛዊውም ዘንድ ይሠራሉ።

አጠናኑ ደግሞ እንዲህ ይሁን። ካርቶን ቁረጪና በአንዱ ገጽ ሁኔታውን በአማርኛ ጻፊ፦ «ክር አልቋል፣ ለኀላፊዋ ንገሪ» ብለሽ። ቃል ብቻ አትጻፊ፤ ቃል ብቻ ካጠናሽ ሁኔታው ሲመጣ ቃሉ ብቻውን ይመጣል። በጀርባው ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ አድርጊ። በሳምንት 6 ካርድ ይበቃል። በማግሥቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው እና በ14ኛው ቀን መልሰሽ እያቸው፤ ሊረሳ ሲል መመለስ ነው የሚያጸናው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ድምፅ ሳታሰሚ በከንፈር በያቸው፣ ማታ ቤት ስትገቢ ግን ጮክ ብለሽ በስልክሽ ቅጂ። ቅጂውን ስታዳምጪ አንድ ነገር ብቻ ፈትሺ፦ መጨረሻው ላይ ድምፅሽ እንደ ትእዛዝ ቁልቁል ወደቀ ወይስ እንደ ጥያቄ ከፍ አለ። በካርድ የያዝሽውን በሁለት ቀን ውስጥ ሥራ ላይ አንዴ ካልተጠቀምሽበት ወደ መጀመሪያው ቀን መልሺው። የ3000 ቃላት ዝርዝሩን ከፈለግሽ ከ2 ወር በኋላ ክፈቺው፤ ያኔ ቃሎቹ የሚገቡበት ቤት ይኖራቸዋል።

ከኀላፊዋ ጋር ያለውን ግን ሳታሳድሪ ነገ ጨርሺው። ብቻዋን ስታገኚያት «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ሚኒት?» በይ፣ ቆም በይ፣ ከዚያ፦ «ሶሪ አባውት ዚ አዘር ዴይ። አይ ዲድንት ሚን ቱ ሳውንድ ሩድ።» ባለጌ ለመምሰል አልፈለግሁም ማለት ነው። እኛ ይቅርታን ደጋግመን፣ እጅ ነስተን እናጸናዋለን፤ በእንግሊዝኛ ሦስቴ ከደጋገምሽው ሰውየው ይጨንቀዋል። አንዴ በይው፣ ምክንያት አትደርድሪ። «ኖ ዎሪስ» ወይም «ዛትስ ኦኬ» ካለችሽ «ታንክ ዩ» ብለሽ ወደ ሥራው ግቢ፦ «ኩድ አይ ሃቭ ዘ ሪፖርት ዌን ዩ ጌት ኤ ቻንስ?»